ወንድሜ ያለበት አይታወቅም፤ ለጄኔቫ መጻፍ ይጠቅማል?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ሐዋሳ ነው። ታናሽ ወንድሜን ፖሊሶች ከቤት ከወሰዱት 5 ሳምንት ሆነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጣቢያ ድረስ ምሳ እናደርስለት ነበር። አሁን ‹እኛ ጋ የለም፣ ወስደውታል› ይሉናል፤ ወዴት ስንል የሚመልስ የለም። ፍርድ ቤትም አልቀረበም። ጎረቤታችን ‹ለጄኔቫ ጻፉ› ትላለች። አጎቴ ግን ‹ጄኔቫ የተቀመጠ ሰው ሐዋሳ የሆነውን በምን ያውቃል? መንግሥት ሐሰት ነው ካለ ማን ይሰማችኋል? ይልቅ ልጁን ታስጨርሱታላችሁ› ብሎ ተቆጣን። እርስዎ ምን ይላሉ?»

እህቴ፣ አይዞሽ። ላለፉት ብዙ ዓመታት ሥራዬ እንደ እናንተ ያሉ ቤተሰቦችን ቃል መመዝገብና ፋይል ማደራጀት ስለሆነ በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። አዎ፣ ጻፉ። ግን ቶሎ ጻፉ፤ እዚሁ ሐዋሳ የሚሠራውንም ሥራ ለአንድ ቀን አታቁሙ።

ቶሎ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ወንድምሽ ጣቢያው ውስጥ እያለ፣ ምሳ እየተቀበለ፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ የቆየባቸው ቀናት የዘፈቀደ እስር ይባላሉ። «እኛ ጋ የለም» ከተባላችሁበትና ወዴት እንደሄደ የሚነግራችሁ ከጠፋበት ቀን ጀምሮ ግን የጉዳዩ ስም ተቀይሯል። የመንግሥት ሰዎች አንድን ሰው ይዘው ያለበትን አንናገርም ሲሉ አስገድዶ መሰወር ነው። ይህን ብቻ የሚከታተል፣ መቀመጫው ጄኔቫ የሆነ የተባበሩት መንግሥታት የሥራ ቡድን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የተቋቋመ፣ አምስት ባለሙያዎች ያሉት። የደቡብ አሜሪካ እናቶች የልጆቻቸውን ፎቶ ይዘው አደባባይ በወጡበት ዘመን የተወለደ ነው። ቡድኑ ሰውየው ከተሰወረ ሦስት ወር ያልሞላው ከሆነ አቤቱታውን በአስቸኳይ መንገድ ይቀበልና ስብሰባ ሳይጠብቅ ለመንግሥት ይልካል። ሦስት ወር ካለፈ በሩ አይዘጋም፤ ግን ወደ መደበኛው ሰልፍ ይገባል፤ ቡድኑ ደግሞ የሚሰበሰበው በዓመት ሦስት ጊዜ ነው። እናንተ 5 ሳምንት ተጉዛችኋል። የቀራችሁ ጊዜ ትንሽ አይደለም፤ ግን እየሮጠ ነው።

አሁን ጎረቤትሽ ያሰበችውን ላስተካክል። ብዙ ሰው «ጄኔቫ» ሲል አንድ ትልቅ ፍርድ ቤት ያለ ይመስለዋል፤ ደብዳቤው ሲደርስ ዳኛ ተነሥቶ «ፍቱት» የሚል። እንደዚያ አይደለም። እነዚህ የሥራ ቡድኖች ፖሊስ የላቸውም፣ እስር ቤት የላቸውም፣ ያለ መንግሥት ፈቃድ አገር ውስጥ እንኳ መግባት አይችሉም። የሚችሉት መጠየቅ ነው፤ በስም፣ በቀን፣ በጽሑፍ። «እገሌ የተባለ ሰው በዚህ ቀን ከዚህ ቤት ተወስዷል፤ የት ነው?» የሚል ደብዳቤ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ይደርሳል። እናንተ በር ላይ ስትጠይቁ «የለም» ብሎ መሸኘት ቀላል ነው። ጥያቄው ከላይ ሲወርድ ግን አንድ ሰው በፊርማው መመለስ አለበት፤ በፊርማ የተሰጠ «የለም» ነገ የሚያስጠይቅ «የለም» ነው።

ይህ ይፈታዋል ማለት ነው? እንዲህ ብዬ ተስፋ አልሰጥሽም። የዘፈቀደ እስርን የሚመለከተው ሌላው የሥራ ቡድን (1991 እ.ኤ.አ. ላይ የተቋቋመው) በ2009 እ.ኤ.አ. የወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳን እስር ሕገ ወጥ ብሎ አስተያየት ሰጥቷል፤ የተፈቱት በኦክቶበር 2010 እ.ኤ.አ. ነው። የጋዜጠኛ እስክንድር ነጋን እስር በ2012 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ አስተያየት ሰጥቶበታል፤ እስክንድር ግን እስከ የካቲት 2010 ዓ.ም. ማለትም እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ታስሮ ቆይቷል። አምስት ዓመት አለፈ። ስለዚህ ደብዳቤው ቁልፍ አይደለም። ሰውየው እንዳይረሳና እንዳይካድ ግን ያደርጋል፤ በስወራ ጉዳይ ደግሞ ትልቁ አደጋ መካዱ ነው።

በሮቹን ልንገርሽ፤ የተዘጋውን ስታንኳኪ ጊዜ እንዳታጠፊ። ኢትዮጵያ የሲቪልና ፖለቲካ መብቶችን ቃል ኪዳን በ1993 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች፤ ግለሰብ ለኮሚቴው ቅሬታ እንዲያቀርብ የሚፈቅደውን ተጨማሪ ፕሮቶኮል ግን አልተቀበለችም። ስለዚህ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ የአንቺን ፋይል እንደ ክስ አያይም። አሩሻ ያለው የአፍሪካ ፍርድ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ፕሮቶኮሉን ፈርመን አላጸደቅንም። ለእናንተ የተከፈቱት እነዚያ የሥራ ቡድኖች፣ የማሰቃየት ጉዳይ ልዩ ራፖርተር (በተባበሩት መንግሥታት የተሾመ ባለሙያ)፣ እና ባንጁል፣ ጋምቢያ የሚቀመጠው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ናቸው። ልዩነታቸውን ያዢ፦ የጄኔቫዎቹ ቡድኖች «መጀመሪያ የአገራችሁን ፍርድ ቤት ጨርሱ» አይሉም። ባንጁል ይላል። የአገር ውስጥ መፍትሔ ተሟጦ፣ ወይም ያለ አግባብ እንደተጓተተ ታይቶ ነው የሚቀበለው።

ባንጁል ረጅም መንገድ ነው፤ ግን ደርሶ ያውቃል። በ2001 እ.ኤ.አ. አንዲት ገና የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ፣ ተደፍራ፣ በግድ የጋብቻ ወረቀት አስፈርመዋታል፤ ፍርድ ቤት ያሰራቸው ሰዎች በይግባኝ ተለቀቁ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ኢኳሊቲ ናው የተባለው ድርጅት ጉዳዩን በ2007 እ.ኤ.አ. ኮሚሽኑ ዘንድ አቀረቡ። ኮሚሽኑ በ2015 እ.ኤ.አ. መንግሥት ግዴታውን አልተወጣም ብሎ 150 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ካሳ እንዲከፈላት ወሰነ። ስምንት ዓመት። ይህን የምነግርሽ ባንጁልን ለወንድምሽ የዛሬ መፍትሔ አድርገሽ እንዳታስቢው ነው። ሌላም አለ፦ የኮሚሽኑ ቻርተር በስድብ ቃል የተጻፈ አቤቱታ አይቀበልም። በካሜሩን ላይ የቀረበ አንድ አቤቱታ ውስጥ አገዛዙን የአሰቃዮች አገዛዝ፣ አረመኔ የሚሉ ቃላት ስለነበሩበት በዚሁ ምክንያት ውድቅ ተደርጓል። ንዴትሽ ይገባኛል፤ ወረቀቱ ላይ ግን አታስፍሪው።

ወደ አጎትሽ ጥያቄ ልምጣ፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። «ጄኔቫ የተቀመጠ ሰው በምን ያውቃል?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መንግሥታትም ሁልጊዜ የሚያነሡት ይህንኑ ነው። በትግራይ ጦርነት ላይ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) እና የተባበሩት መንግሥታት ሰብዓዊ መብቶች ቢሮ በጋራ ባወጡት የጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ሪፖርት፣ መርማሪዎቹ ሰው በሰው 269 ሚስጥራዊ ቃለ መጠይቅ አድርገዋል። ከአንድ ወር በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት በ21 ድጋፍ፣ በ15 ተቃውሞና በ11 ድምፀ ተአቅቦ ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን ግን ቦታው ድረስ እንዳይገባ ተከልክሎ መሥሪያ ቤቱን ኡጋንዳ፣ ኢንቴቤ አደረገ። ሁለት ዓመት ሠራ፤ ከዚያ ማንም አገር የማራዘሚያ ሐሳብ ሳያቀርብ ቀርቶ በኦክቶበር 2023 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። እንዲህ የራቀ መርማሪ የሚሠራው በምንድን ነው? በስልክ በሚያናግረው ምስክር፣ በሳተላይት ምስል፣ በሕክምና ወረቀት፣ በቪዲዮ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች የሰጡት ቃል ሲገጥም ነው። እንደ ወንጀል ችሎት ከጥርጣሬ ሁሉ የራቀ ማስረጃም አይጠይቁም፤ መለኪያቸው «ለማመን የሚያስችል በቂ ምክንያት አለ ወይ» የሚል ነው።

ስለዚህ ለአጎትሽ መልሱ፦ የጄኔቫው ሰው የሚያውቀው ሐዋሳ ያለው ሰው በጻፈው ልክ ነው። ያላየውን ያያል ብለን አንጠብቅ። ያየነውን በትክክል ካልሰጠነው ምንም የለውም።

አንድ ነገር ላሳይሽ። ከዓመታት በፊት ከአሞራ ገደል ወዲህ የሚኖሩ አንዲት እናት ልጃቸው ታስሮ ወደ እኔ መጡ። ማንበብና መጻፍ አይችሉም። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ልጃቸው የሳይንስ ደብተሯን ከጀርባ ገልብጣ እሳቸው የነገሯትን ትጽፍ ነበር። ገጹ እስከ ዛሬ አይኔ ላይ ነው፤ እርሳሱ ፈዞ፣ ወረቀቱ ላይ የወጥ ጠብታ አለበት። «ማክሰኞ ምሳ ዕቃው ባዶ ተመለሰ። ረቡዕ ባዶ ተመለሰ፣ ማንኪያው ቀረ። ሐሙስ እንጀራው እንዳለ ተመለሰ። ክዳኑ አልተከፈተም። ፖሊሱ ጠግቦ ነው አለ።» ሌላ ምንም የለበትም፤ ስለ ፖለቲካ አንድ ቃል የለም። ግን ልጁ ከዚያ ጣቢያ የወጣው ከረቡዕ ምሳ በኋላ ሐሙስ ምሳ ሳይደርስ መሆኑን ያገኘነው ከዚያ ነው። በኋላ አብሮት ታስሮ የነበረ ሰው ተፈትቶ ሲጠየቅ፣ ደብተሩን ሳያይ፣ «ረቡዕ ማታ ነው ጠርተው የወሰዱት» አለ። ሁለቱ ቃል ገጠሙ። እኔ በሥራ ዘመኔ ብዙ ባለማኅተም ሪፖርት አይቻለሁ፤ እንደዚያች ገጽ የጠነከረ ጥቂት ነው።

እናትየዋን ጠንካራ ምስክር ያደረጋቸው ያዩትን ከሰሙት መለየታቸው ነው። «ክዳኑ አልተከፈተም» በዓይናቸው ያዩት ነው። «ጠግቦ ነው» ሌላ ሰው የነገራቸው ነው፤ ማን እንዳለውም ጽፈዋል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ይቀላቅላል። «ደብድበውታል» ይሉኛል። ማን አየ? ስል «ሰው ነገረን» ይላሉ። ውሸት ነው አልልም፤ ግን «ደብድበውታል» ተብሎ ከተጻፈና በኋላ ያየ ሰው ከጠፋ፣ እውነተኛው ቀሪው ታሪክ ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል። «በዚህ ቀን የተፈታ አንድ ሰው ፊቱ አብጦ እንዳየው ነግሮኛል» ብለሽ ጻፊ። ያ ይበቃል።

ቀንና ሰዓት ላይ ደግሞ አደራ። አንድ ፋይል ላይ ያጋጠመኝን ልንገርሽ። አንደኛዋ ምስክር «ከሌሊቱ 8 ሰዓት መጡ» አለች። ሌላው ጎረቤት በፈረንጅ ሰዓት ቆጥሮ «2 ሰዓት» ብሎ ጻፈ። ሁለቱም ያሉት ያንኑ ሰዓት ነው። ቃሉን የተረጎመው ሰው ግን የሴትየዋን ማታ 8፣ የሰውየውን ከቀኑ 2 አድርጎ አሳለፈው። መርማሪዎቹ «ምስክሮቹ ይጋጫሉ» ብለው መለሱልን። ያንን ለማስተካከል ሳምንታት ፈጀብን፤ ያ ልጅ በእነዚያ ሳምንታት የት እንደነበረ አናውቅም ነበር። ስለዚህ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር» ብለሽ ጻፊ። ዓመተ ምሕረቱንም «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» በይ፤ የፈረንጁን ቀን ጎኑ ላይ ጨምሪ። ጥቅምት ከኦክቶበር ጋር አንድ ወር አይደለም፤ ሲሶው ገደማ ኖቬምበር ውስጥ ይገባል።

የአጎትሽ ሌላው ስጋት፣ «ታስጨርሱታላችሁ» ያለው፣ ከንቱ ፍርሃት አይደለም። አቤቱታ ያቀረቡ ሰዎች ላይ በቀል እንደሚፈጸም የተባበሩት መንግሥታት ራሱ በየዓመቱ ሪፖርት ያወጣበታል። የወንድምሽ ስም ለመንግሥት መድረሱ አይቀርም፤ ካልደረሰ «የት ነው» ብሎ መጠየቅ አይቻልም። የአቤት ባዩ ስም ግን በሚስጥር ይያዝልኝ ብትዪ ይያዛል። ስለዚህ ቤተሰቡ አብሮ ተቀምጦ ይወስን፤ ማን ይጻፍ፣ የማን ስም ይውጣ፣ የማን ይደበቅ። እናታችሁ ሳያውቁ አንቺ ብቻ እንዳትልኪ። አብሮ ታስሮ የወጣ ሰው ካለም ስሙን ሳታስፈቅጂ አትጻፊ፤ እሱ ዳግመኛ ሊያዝ የሚችል ሰው ነው። ፎቶውንና የጣቢያውን ስም ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ስለመለጠፍ ከጠየቅሽኝ ደግሞ፣ እኔ መጀመሪያ ፋይሉ ይላክ እላለሁ። ዝምታ ይበጃል ግን አልልም። ሲሰወሩ ዝም የተባለላቸው ሰዎች ዝምታው ሲያድናቸው አላየሁም።

እዚህ ሐዋሳ የሚሠራው ምንድን ነው? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ አንቀጽ 21 ከቤተሰቡ፣ ከጠበቃው፣ ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋር የመገናኘት መብት ይሰጠዋል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 177 መሠረት አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ አቅርቡ፤ ፍርድ ቤቱ የያዙት ሰዎች ልጁን ይዘው እንዲቀርቡ እንዲያዝ የሚጠይቅ ነው። ለጠበቃ የሚከፈል ከሌለ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። «ፖሊስ ቀርቦ እኛ ጋ የለም ካለ ምን ይጠቅማል?» ትዪ ይሆናል። በጣም ይጠቅማል። ፖሊስ ችሎት ፊት «አልያዝነውም» ካለ ያ ቃል በመዝገብ ሰፍሯል። የትእዛዙን ግልባጭ ጠይቃችሁ ያዙ። ወስደውት ያየ ጎረቤት ቃልና ያ ግልባጭ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሥራ ቡድኑ የሚፈልገው ያንኑ ነው፤ ለባንጁልም የአገር ውስጡን መንገድ መሞከራችሁን የሚያሳይ ወረቀት ይሆናል።

ከዚያ ኢሰመኮ ዘንድ ሂዱ። ሰው ኢሰመኮንና ኢሰመጉን ያምታታል፤ ኢሰመኮ በአዋጅ የተቋቋመው ኮሚሽን ነው፣ ኢሰመጉ በ1984 ዓ.ም. በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ፊታውራሪነት የተመሠረተው መንግሥታዊ ያልሆነው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ ነው። ሁለቱም ዘንድ ማመልከት ትችላላችሁ፤ ኢሰመኮ ግን በአዋጅ 1224/2012 መሠረት ማስታወቂያ ሳይሰጥ ጣቢያና ማረሚያ ቤት ገብቶ የማየት ሥልጣን አለው፤ ሐዋሳም ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አለው። ስትሄዱ በቃል ብቻ ተናግራችሁ አትመለሱ፤ በጽሑፍ አስገቡና በግልባጩ ላይ ተቀብለናል የሚል ማኅተምና ቀን አስደርጉ።

ቀይ መስቀልስ? የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ እስረኞችን ይጎበኛል፣ የጠፋ ሰው ያፈላልጋል፤ ያየውን ግን ለሕዝብ አይናገርም። ይህ ጠባዩ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። በ1936 እ.ኤ.አ. ጣሊያን የመርዝ ጋዝ ሲረጭ የኮሚቴው ልዑካን በዓይናቸው አይተው ነበር፤ የመንግሥታቱ ማኅበር ማስረጃውን ስጡን ሲላቸው ግን ገለልተኛነታችንን ይነካል ብለው አልሰጡም። ያንን ሳስብ ዛሬም ያመኛል። ቢሆንም ሌላው የማይገባበት በር የሚከፈትላቸው በዚሁ ዝምታቸው ስለሆነ እነሱንም አመልክቱ፤ ከእነሱ የምትጠብቁት ሪፖርት ሳይሆን «አለ፣ አይተነዋል» የሚል ወሬ ይሁን።

ለሥራ ቡድኑ የሚላከው ቅጽ ረጅም አይደለም። የወንድምሽ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ዕድሜው፣ የተያዘበት ቀን፣ ወርና ዓመት፣ የተያዘበት ቦታ፣ መጨረሻ የታየበት ቀንና ቦታ፣ የወሰዱት ሰዎች ማንነት (የደንብ ልብስ ለብሰው ነበር? ሲቪል? መኪናው ምን ዓይነት ነው? ታርጋ የያዘ ሰው አለ?)፣ እናንተ ለማፈላለግ የሄዳችሁበት ቦታ በሙሉ ከነቀኑ፣ እና የአቤት ባዩ ማንነት። በአማርኛ ጻፊውና አምጪልኝ፤ ትርጉሙን እኔ እሠራዋለሁ፤ ያለ ክፍያ።

ዛሬ ማታ ግን አንድ ነገር ብቻ አድርጊ። ከእናታችሁና ምሳ ይዞ ይሄድ ከነበረው ሰው ጋር ቁጭ በሉና ምሳ ዕቃው ባዶ ሆኖ የተመለሰበትን የመጨረሻ ቀን አስታውሱ። ገበያ የዋላችሁበት ቀን ነበር? ቅዱስ ገብርኤል የተሳለማችሁበት? ዝናብ ነበር? በእንደዚህ ያለው ምልክት ቀኑ ይገኛል። ያንን ቀን ከነምልክቱ ጻፊው፤ የነገረሽን ሰው ስምም ከጎኑ አድርጊ።